በተሻረ አዋጅ ላይ የተሰጠ የሰበር ውሳኔ ሰሌዳ ላይ ሰክቼ ሰው አሳሳትኩ፤ እናንተ እንዴት ነው የምታነቡት?

የሰሌዳዋ ጸሐፊ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ሥራዬ የመጋዘን ሒሳብ ነው፤ ከዚያ ጎን ለጎን በምሠራበት ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ከሆንኩ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ከማኅበሩ ቢሮ ውጭ ግድግዳው ላይ አንድ የእንጨት ሰሌዳ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም የመጨረሻ ፍርድ ባገኘ ጉዳይ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን የሚያየው ችሎት፣ በሥራ ክርክር ላይ የሰጠውን ውሳኔ ባገኘሁ ቁጥር በአንድ ገጽ አሳጥሬ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በአራት ስፒል እሰካዋለሁ። ሰው ከፈረቃ ሲወጣ ቆሞ ያነበዋል። አስተዳደሩ ከሚለጥፈው ማስታወቂያ ይልቅ የእኔ ወረቀት እንደሚነበብ አውቃለሁ፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ የማሽን ክፍል ሠራተኛ ቢሮዬ መጣ። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን፣ ሌላ ጊዜ አንድ ቀን፣ ከዚያም እንደገና አንድ ቀን ከሥራ ቀርቷል፤ በድምሩ አራት። የደረሰውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞታል። «ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ ወይ?» አለኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ ሰሌዳው ወሰድኩት። እዚያ ላይ ከወራት በፊት የሰካሁት ውሳኔ ነበር፤ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት ለስንብት የሚያበቃው አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን ሲሆን ነው የሚል። «ተከታታይ» የምትለዋን ቃል በጣቴ ነካሁለት። «የአንተ ተከታታይ አይደለም፤ አርፈህ ሥራህን ሥራ» አልኩት። ማስጠንቀቂያውን እንደነበረው አጥፎ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አምስተኛውን ቀን ቀረ። ለምን እንደቀረ እዚህ አልጽፍም፤ የእሱ ጉዳይ ነው። እኔ ያልኩትን ባይሰማ ኖሮ ግን ያን ቀን እንደምንም ብሎ ይመጣ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። አሠሪው የሥራ ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ አቋረጠ። (ሕጉ «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር፣ ለጥፋት ማሳሰቢያም ውል ከመቋረጡ በፊት ለሚሰጥ የጊዜ ማስታወቂያም፣ መጠቀሙ ራሱ ስንቱን እንዳወዛገበ ባወራ ቀኑ አይበቃኝም፤ ሰውዬው በኪሱ ማስጠንቀቂያ ይዞ «ያለ ማስጠንቀቂያ» ተሰናበተ።)

ክስ መሠረትን። ያንን ውሳኔ በክሱ ላይ እንዲጠቀስ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የአሠሪው ነገረ ፈጅ ብዙ አልተናገረም። «ከሳሽ የጠቀሰው ውሳኔ የተሰጠው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ላይ ነው፤ ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተሽሯል» ብሎ ተቀመጠ። የአዲሱን አዋጅ አንቀጽ 27 ቃሉን እያየሁ ያነበብኩት ያን ዕለት ማታ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ይላል። መቅረቱ በአዋጁ ከተዘረዘሩት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ከሆነ፣ አለቀ። «ተከታታይ» የምትባል ቃል የለችበትም። አንቀጹ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈለግኳት።

ተሸነፍን። ይግባኝም አላልንም።

ውሳኔውን አላዛባሁትም። ቃሉን እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ለጻፈው ችሎት በጻፈበት ቀን ትክክል ነበር፤ እኔ ስሰካው ግን የቆመበት ሕግ ከሥሩ ተነሥቷል። እንዲህ ያለውን ነገር ሕግ ያልተማረ ሰው በምን ያውቃል? አንድ ውሳኔ ዛሬም የሚሠራ መሆኑን የምታጣሩት እንዴት ነው? ከአንድ ውሳኔ አሥራ አንድ ገጽ ውስጥ የትኛው መስመር ነው የሚያስገድደው? ወይስ ሥራው የእኔ ስላልሆነ ልተወው? ሰሌዳው ላይ አሁን አራቱ ስፒል ብቻ ናቸው ያሉት።


ከችሎት መልስ፦

እህቴ፣ እኔ ጠበቃ ነኝ፤ እርስዎን ያሳሳተው ነገር ጥቁር ካባ የለበሱትንም ያሳስታል። በዚህ ዓመት ብቻ አንድ የሙያ ባልደረባዬ በተሻረ የጉምሩክ ሕግ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ይዞ ሲከራከር ከጎኑ ተቀምጬ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰሌዳውን አይተዉት። የእኔን ልማድ ልንገርዎ።

ውሳኔ ሲደርሰኝ ከዳኞቹ ስም ነው የምጀምረው። ከመዝገብ ቁጥሩና ከቀኑ ሥር «ዳኞች» ተብሎ ስማቸው ይዘረዘራል። እቆጥራቸዋለሁ። አምስት ከሆኑ የሰጡት የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት የሚከተለው ነው። ይህ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም አስቀጥሎታል። ሦስት ስም ብቻ ካዩ ግን በእጅዎ ያለው የአጣሪ ችሎት ትእዛዝ ነው። አቤቱታው ለሰበር «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ብሎ ያበቃል። «ሰበር እኮ አጽንቶታል» እየተባለ የሚወራው ብዙው ነገር «አያስቀርብም» የተባለ አቤቱታ ነው። ሦስቱ ዳኞች መሠረታዊ የሕግ ስህተት አልታየንም አሉ እንጂ የሥር ፍርድ ቤት የጻፈው ሁሉ በአገሪቱ ላይ ይጽና አላሉም። ሰባት ስም ያዩ እንደሆነ ደግሞ ያቺን ወረቀት ደጋግመው ያንብቡ፤ ችሎቱ ቀድሞ የሰጠውን አስገዳጅ ትርጉም ሲለውጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ የ2013ቱ አዋጅ ያዛል።

ቀጥዬ የተጠቀሰውን ሕግ እፈልጋለሁ። ውሳኔው «አዋጅ ቁጥር» ባለ ቁጥር እርሳስ አሠምርበታለሁ፤ ከዚያ የአዲሱን አዋጅ የመጨረሻ ገጾች እከፍታለሁ። ሰው ነጋሪት ጋዜጣን ከፊት ነው የሚያነበው። የተሻሩ ሕጎችና የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች የሚገኙት ግን ከኋላ ነው።

ሦስተኛው ጭብጥ ነው። ችሎቱ የግራ ቀኙን ክርክር ከዘረዘረ በኋላ ምላሽ ሊያገኝ የሚገባው ነጥብ ይህ ነው ብሎ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ይይዛል። የሚያስገድደው ለዚያ ጥያቄ የተሰጠው የሕግ ትርጉም ነው፤ በመንገድ ላይ የተወረወረ አስተያየት አይደለም። የሰበር ውሳኔዎች ታትመው በሚወጡበት በየቅጹ መግቢያ ማውጫ ላይ ያለችው አንድ መስመር ደግሞ ፍርድ አይደለችም። ወደ ፍርዱ የምታደርስ ጥቆማ ናት። እኔን ለብዙ ዓመት ያስቸገረኝ በማውጫ ብቻ የሚከራከር ሰው ነው።

ምሳሌ ከፈለጉ መዝገብ ቁጥር 21448ን ይዩት። ሚያዝያ 1999 የተሰጠ፣ በቤት ሽያጭ ውል ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል፤ ስለ ምዝገባ አያነሣም። ቁጥር 1723 ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይመዝገብ ይላል። ልዩው ድንጋጌ ጠቅላላውን ያስቀራል ወይስ ሁለቱም ይሟላሉ? ችሎቱ ሁለቱም ይሟላሉ አለ። በዚህም በሠፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ስንት ውል ተናጋ። ቁጥር 1723 ግን ከሽያጭ ሌላ መያዣንም ይጨምራልና በ2001 አዋጅ ቁጥር 639 መጣ፤ ባንክ ወይም የአነስተኛ ብድር ተቋም ለሚሰጠው ብድር ዋስትና የሚደረግ የመያዣ ውል ይህ ምዝገባ አያስፈልገውም አለ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ሰው የ1999ኙን ትንታኔ ይዞ የባንክ መያዣ ላፍርስ ቢል እርስዎ የቆሙበት ቦታ ቆሟል ማለት ነው። በቤት ሽያጭ በኩል ግን ውሳኔው በ639 አልተነካም። አንድ ውሳኔ ግማሹ ሞቶ ግማሹ ሊኖር ይችላል።


የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማንም ደፍሮ ያላለውን ልበል። ሕግ ያልተማረ ሰው ውሳኔ ማሳጠር የለበትም። ማሳጠር መተርጎም ነው። ጸሐፊዋ ቅን ናት፤ ቅንነቷ ግን ሰውየውን ሥራውን አላተረፈለትም። ሙሉውን ውሳኔ እንዳለ አትማ ብትሰቅለው ስህተቱ አይደርስም ነበር። ውሳኔዎቹ ከሃያ በላይ በሆኑ ቅጾች ታትመው ወጥተዋል፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድረ ገጽም ይገኛሉ። ያነበበ ያንብብ።


የሰሌዳዋ ጸሐፊ፦

ወንድሜ፣ ሙሉውን እንዳለ ብሰቅለውም ያው በተሻረው አዋጅ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ነበር የሚሰቀለው። አሥራ አንድ ገጽ ሆኖ ያሳስት ነበር።

ደግሞስ ሞክሬዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ውሳኔ ሙሉውን አትሜ ገጾቹን ጎን ለጎን ሰክቼ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ የወጣ ሰው «የጉዳዩ አመጣጥ» ከሚለው ይጀምራል፤ የሥር ከሳሽ የአሁን ተጠሪ፣ የሥር ተከሳሽ የአሁን አመልካች እየተባለ ሁለት ጊዜ ሲገለባበጥበት ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሞላል። አንዱ ሽማግሌ ሠራተኛ መነጽሩን አውልቆ «ለመሆኑ ያሸነፈው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ገጽ አድርጌ መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ስህተቴን አምኜ መጥቻለሁ፤ ዝም በይ ከምትሉኝ እንዴት እንደማልደግመው ንገሩኝ።


የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦

ይቅርታ፣ ቃሌ ከረረ። ካሳ እንዲሆነኝ ትናንት ማታ ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ዘርግቼ አንቀጽ 27ን አመሳከርኩት።

በድሮው 377/1996 ከሥራ መቅረት ሦስት መልክ ነበረው፤ አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ አሥር የሥራ ቀን፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ሠላሳ የሥራ ቀን። ስለዚህ በድሮውም ቢሆን «ተከታታይ ካልሆነ አይነካህም» ማለት ሙሉ አልነበረም፤ የተቀሩት ሁለቱ መንገዶች ነበሩ። ያ ውሳኔ ስለ መጀመሪያው ብቻ የተናገረው ክርክሩ የመጣው በእሱ ላይ ስለነበረ ይመስለኛል። በአዲሱ ሦስቱም የሉም፤ በምትካቸው የስድስት ወሩና የአምስት ቀኑ ድምር ገባ። ማርፈድም ለብቻው ተጽፏል፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ማርፈድ።

ግን ሁሉም አልተለወጠም። አሠሪው የማሰናበቻ ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀራል የሚለው፣ ንዑስ አንቀጽ 3፣ በድሮውም በአዲሱም አለ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ይታገዳል የሚለውም እንዲሁ። በእነዚህ ላይ በ377 ዘመን የተሰጠ ትርጉም ዛሬም ለመከራከሪያ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ተሳስቼ እንደሆነ ጠበቃው ያርሙኝ።


ከችሎት መልስ፦

አልተሳሳትክም። አዋጁ ስለተሻረ ብቻ ውሳኔዎቹ ሁሉ አብረው አይቀበሩም፤ ድንጋጌው በይዘቱ እንዳለ ከተሻገረ ትርጉሙን ይዘህ ትከራከራለህ፣ «አሮጌ ነው» ብሎ የሚመልስህም ልዩነቱን ማሳየት ይኖርበታል። ሌላ አንድ ነገር ጨምርበት፤ ድርጊቱ የተፈጸመው አዲሱ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ከሆነ የሚታየው በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ነው። ለዚህ ነው አዲሱ ሕግ ከወጣ ከዓመታት በኋላም በድሮው ሕግ ላይ ውሳኔ የሚሰጠው። የውሳኔው ቀን ብቻውን ያታልላል።


ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

ልጄ፣ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የጨረስኩት። ዳኛ ሆኜ አላውቅም። ነገር ግን በእጄ ያለፈውን ፍርድ የሚያህል ያነበበ ዳኛ ጥቂት ነው፤ አቧራውም እስካሁን በሳንባዬ አለ።

ፍርድ ስታነቢ ሁለት ቃላት ፈልጊ፤ ፊደላቸው ተራርቆ በገጹ መካከል ለብቻቸው የተጻፉ ናቸው። አንደኛው «ፍ ር ድ»፣ ሁለተኛው «ው ሳ ኔ»። ከ«ፍርድ» በታች ያለው ታሪኩ፣ ክርክሩና ምክንያቱ ነው። ከ«ውሳኔ» በታች ያለው አጭር ነው፤ የሥር ፍርድ ቤት ፍርድ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 348(1) መሠረት ተሽሯል፣ ጸንቷል ወይም ተሻሽሏል፤ ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ፤ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነበርኩ። ብዙ ሰው ይህን መጨረሻውን አንብቦ «ሰበር እንዲህ አለ» ይላል። ማን እንዳሸነፈ ነው የሚነግርሽ፤ ለምን እንዳሸነፈ የለበትም። ከሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ነው በቀስታ የምታነቢው። አንዳንዴ ከፊርማው በኋላ «የሐሳብ ልዩነት» የሚል ታገኛለሽ። እሱ አያስገድድም። እኔ ግን አልዘለውም ነበር፤ የተለየው ዳኛ አብላጫው ያድበሰበሰውን ነጥብ አፍረጥርጦ ስለሚጽፈው ክርክሩ የት ላይ እንደነበረ የገባኝ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

አሁን ስለ ፍሬ ነገር። በ2000 ዓ.ም. የተወሰነ መዝገብ ቁጥር 23632 አለ። ሰው ሲያወራው «ሰበር ልጅን ከአባቱ ነጥቆ ለአክስት ሰጠ» ይላል። እንዲህ ከተወራ ማንም አባት ይደነግጣል። ፍርዱን ስታነቢ ግን አባትየው ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየው ልጅ ነው፤ ያሳደገችው አክስቱ ናት። የሥር ፍርድ ቤቶች ወላጅ ስለሆነ ሞግዚት እሱ ነው አሉ። ሰበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና በሕፃናት መብቶች ስምምነት ላይ ተመሥርቶ ቀዳሚው የሕፃኑ ጥቅም ነው አለ። ልጁን በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ከዚህ ፍርድ የሚፈራው ነገር የለም። ሰሌዳሽ ላይ ስትጽፊ «ምን ዓይነት ሰዎች፣ ምን አድርገው» የሚለውን ከቆረጥሽ የቀረው ዐረፍተ ነገር ሰው ማስፈራሪያ ወይም ማዘናጊያ ይሆናል። የአንቺውም እንዲሁ ነው የሆነው፤ ተማሪው እንዳለው ክርክሩ በአንደኛው መንገድ ላይ ብቻ ነበር።

ሰበር የመጨረሻ ነው ሲባልም ሁልጊዜ አይደለም። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ካለበት ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይቀርባል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ1996 አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈቀድኩም እያለች ጉዳይዋ እስከ ሰበር ደርሶ ጸንቶባት ነበር። ምክር ቤቱ አንቀጽ 34(5) የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል ብሎ ውድቅ አደረገው። ያኔ መዝገብ ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያወራነው ስለዚህ ብቻ ነበር።

ሁለት የአሠራር ነገር ልጨምር። በታተሙት ቅጾች ላይ የተከራካሪዎቹ ስም አለ። አንቺ አትጻፊው፤ «አመልካች»፣ «ተጠሪ» በቂ ነው። በፋብሪካሽ የሚሠራ ዘመድ ሊኖራቸው ይችላል። ውሳኔ ሳይስማማሽ ቀርቶ መተቸት ብትፈልጊ ደግሞ ተቺ፤ የትኛው አንቀጽ እንደተዘለለ፣ የትኛው ክርክር መልስ እንዳላገኘ ጽፈሽ። ዳኛው ምን ቢከፈለው ነው ወደሚለው አትሂጂ፤ ማስረጃ የለሽምና።

ያንን የተሳሳተ ወረቀት ግን እንዳትቀጂው። ጣልሽው እንዴ?


የሰሌዳዋ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ አልጣልኩትም። ከሰሌዳው የነቀልኩ ዕለት ልቀደው ነበር፤ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የተሰናበተውንም ሰው ትናንት አገኘሁት። ሌላ ቦታ ሥራ ይዟል፣ ደመወዙ ግን ከበፊቱ ያንሳል። «ወረቀቱን አስተካክዬ መልሼ ልሰካው ነው፣ ትፈቅዳለህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ስሜን ተዪው፤ አምስት ቀን የሚለውን ግን ከሩቅ እንዲታይ አድርገሽ በቁጥር ጻፊው» አለኝ። እንግዲህ እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ከመሰካቴ በፊት እዩልኝ።

«ይህ ገጽ ባለፈው ዓመት እዚህ ተሰክቶ ነበር፤ አሳስቷል። ውሳኔውን የሰጡት ዳኞች አምስት ናቸው። የተረጎሙት አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ነው። ይህ አዋጅ ተሽሯል። የተያዘው ጭብጥ፦ አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን መቅረት የሚቆጠረው እንዴት ነው? የተወሰነው፦ ቀኖቹ ካልተከታተሉ በዚህ ንዑስ አንቀጽ ማሰናበት አይቻልም። ያልተወሰነው፦ በወር ውስጥ አሥር ቀን ወይም በዓመት ውስጥ ሠላሳ ቀን ስለቀረ ሠራተኛ ውሳኔው ምንም አላለም። ዛሬ ያለው ሕግ፦ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠህ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከቀረህና መቅረትህ በፈቃድ የማይሸፈን ከሆነ ልትሰናበት ትችላለህ። ባይከታተልም። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ግን ማሰናበት አይችልም። ስንብት ከደረሰብህና ወደ ሥራ መመለስ ከፈለግህ 3 ወር ሳያልፍ ክስ አቅርብ። ከመወሰንህ በፊት ማስጠንቀቂያህን ይዘህ ቢሮ ና።»

«ያልተወሰነው» የምትለዋ መስመር አዲስ ናት። ስጽፋት ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የወሰደችብኝ እሷ ናት፤ ያልተባለን ነገር ለማግኘት ውሳኔውን አራት ጊዜ አነበብኩት።


ከችሎት መልስ፦

ጥሩ ነው። «ልትሰናበት ትችላለህ» ማለትዎን ወድጄዋለሁ፤ «ትሰናበታለህ» ቢሉ ከሕጉ አልፈው ነበር። አንዲት ነገር ብቻ ይጨምሩ፤ የኅብረት ስምምነታችሁ ስለ መቅረት የተለየ ነገር ካለው «የኅብረት ስምምነቱንም ተመልከት» ይበሉ። ለሠራተኛው የተሻለ የሚሰጥ ከሆነ ማየቱ ይጠቅማል።


ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

የድሮውንም ወረቀት ከአዲሱ ጎን ስኪው፤ «በተሻረ አዋጅ ላይ የተሰጠ» ብለሽ በቀይ በአግድም ጻፊበት። እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

ደግሞ ቀን የለበትም። መቼ እንዳመሳከርሽው ካልጻፍሽ ነገ ሌላ አዋጅ ሲወጣ አንባቢው በምን ያውቃል?


የሰሌዳዋ ጸሐፊ፦

እውነትም ቀን የለበትም። ከታች በቀኝ በኩል ጻፍኩት። የኅብረት ስምምነቱንም ጨምሬያለሁ። ሁለት ወረቀት ስለሆነ ስምንት ስፒል ያስፈልጋል፤ አራት ከአስተዳደሩ ማስታወቂያ ላይ ተበደርኩ።